ነብር ማየት ከፈለጋችሁ ጦጣዎቹን ስሙ

አንበሳ ማየት አይከብድም። ዛፍ ጥላ ሥር ተዘርሮ ይውላል፤ መኪና ሲመጣም ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይጨፍናል። ነብር ግን ብቸኛ ነው። በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ሲመሽ ነው። ጉልበት በማይደርስ ሣር ውስጥ ጋደም ካለ አጠገቡ እያለፋችሁ አታዩትም። ሳፋሪ ሄዶ ነብር ሳያይ የተመለሰ ሰው ሁሉ ዕድሉን ይረግማል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ምርጫና የትዕግሥት ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

ከቦታ እንጀምር። ገንዘብ ያለው ሰው ደቡብ አፍሪካ፣ ሳቢ ሳንድ ይሂድ። ከክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰን የግል ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ በመሃላቸው አጥር የለም። አስጎብኚው ነብር ካየ ከመንገድ ወጥቶ ጥሻ ውስጥ መከተል ይችላል፤ ሌሊትም ይነዳል። ነብሮቹ ከግልገልነታቸው ጀምሮ መኪና ስለለመዱ ዞር ብለው እንኳ አያዩአችሁም። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

የእኔ ምርጫ የዛምቢያው ሳውዝ ሉዋንግዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያም ከአስጎብኚ ጋር የሌሊት ጉዞ ይፈቀዳል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ዝናብ የለም፤ በተለይ ወደ መጨረሻው ሣሩ ስለሚሳሳና አውሬው ሁሉ ወደ ወንዙ ስለሚሰበሰብ ማየት ይቀላል። ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ የምትሄዱ ከሆነ ሴሮኔራ ወንዝ ዳር ያሉትን ትልልቅ ግራሮች አትለፏቸው። ስሪላንካ ውስጥ ያላ የሚባል ፓርክ አለ። አገሩ አንበሳ ስለሌለው ነብሩን የሚያስፈራው አውሬ የለም፣ በጠራራ ፀሐይ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ይጋደማል። ችግሩ ጂፑ ነው። አንድ ነብር ከታየ መንገዱ በጂፕ ይዘጋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሌሊት ጉዞ አለ ወይ? ከመንገድ መውጣት ይፈቀዳል ወይ? ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ እንሆናለን ወይ? ከአስጎብኚው ጋር ስትገናኙም ፍላጎታችሁን በግልጽ ንገሩት። ካልነገራችሁት አንበሳም ዝሆንም ጎሽም ላሳያችሁ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያሯሩጣችኋል። «ሌላው ቢቀር ግድ የለንም» ካላችሁት ግን አንድ ቦታ ቆሞ የመጠበቅ ፈቃድ ሰጣችሁት ማለት ነው። ጎበዝ አስጎብኚ ደግሞ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ነብሩን ከእናንተ ቀድመው የሚያዩት ሌሎቹ እንስሳት ናቸው። ስለዚህ ሞተር አጥፉ፣ ወሬ አቁሙ፣ ስሙ። ጦጣዎች ለነብር የተለየ ጩኸት አላቸው። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሴይፋርትና ዶሮቲ ቼኒ ከባልደረባቸው ጋር ኬንያ፣ አምቦሴሊ ውስጥ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት፣ ጦጣዎቹ የነብር ማስጠንቀቂያ ጩኸት ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ የንስር ሲሆን ወደ ላይ ያያሉ፣ የእባብ ሲሆን በሁለት እግራቸው ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እናንተ ጩኸቱን መለየት ባትችሉ እንኳ የሚያደርጉትን ማየት ትችላላችሁ። ጦጣው ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ አንድ ጥሻ ላይ ዓይኑን ተክሎ ያለማቋረጥ ከጮኸ፣ ባይኖኩላራችሁን ወደዚያው ጥሻ አዙሩ።

ሚዳቋ መሰሉ ኢምፓላ በአፍንጫው ያስነጥሳል፤ መንጋው በሙሉ አንገቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀናል። ሉዋንግዋ ላይ ደግሞ ፑኩ የሚባለው ሌላ ሚዳቋ መሰል እንስሳ ያፏጫል። ዝንጀሮ እንደ ውሻ ይጮሃል፤ እሱ ሲጮህ አምናለሁ። ጅግራን ግን አላምናትም። ለሁሉም ነገር ትንጫጫለች፣ አንዳንዴ ለምንም። ሽኮኮም ለእባብም ለነብርም ያው ነው። ሁለት ዓይነት እንስሳ አንድ ላይ ሲጮህ ነው መኪና ማስነሳት የሚያዋጣው። ጩኸቱ ድንገት ጸጥ ካለ ደግሞ አትቸኩሉ። ነብሩ ጋደም ብሎ ከዓይናቸው ተሰውሮ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ጠብቁ።

ዛፍ ስታዩ ነብር አትፈልጉ፤ ጭራ ፈልጉ። ዥንጉርጉሩ ገላ ከቅጠሉ ጥላ ጋር ይቀላቀላል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነገር ግን ዛፍ ላይ ብዙ የለም። ወፍራምና አግድም የሆኑትን ቅርንጫፎች ከግንዱ ጀምራችሁ እስከ ጫፍ ቃኙ። መሬቱንም እዩ። ጅብ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ ካንጋጠጠ፣ ከላይ ሥጋ አለ ማለት ነው። ነብር የገደለውን ዛፍ ላይ የሚሰቅለው ጅብና አንበሳ እንዳይነጥቁት ነው። ሥጋው ኖሮ ነብሩ ከሌለ ቦታውን ልብ በሉና አመሻሽ ላይ ተመለሱ። እሱም ይመለሳል።

ካገኛችሁት በኋላ ጭራውን ማንበብ ነው። አንድ ጊዜ ሉዋንግዋ ውስጥ አንዲት እንስት ነብር ኢምፓላዎች ፊት ለፊት በግልጽ ስትሄድ አየሁ። ጭራዋን ወደ ላይ ጠቅልላ የጫፉን ነጭ የውስጥ ጎን አውጥታለች። ኢምፓላዎቹ እያስነጠሱ ያይዋታል እንጂ አይሮጡም። እንደታየች ስለገባት አደን ትታለች፣ እነሱም ይህን ያውቁታል። ጥቂት ራቅ ካለች በኋላ ጭራው ወረደ፣ ትከሻዋ ከጀርባዋ በላይ ወጣ፣ ሆዷ ሣሩን መታከክ ጀመረ። አስጎብኚያችን ወዲያው ሞተር አጠፋ። እንዲህ ስትሆን መከተል አደኗን ማበላሸት ነው። ሌሊት ከሆነ ቀይ ማጣሪያ ያለው መብራት ይሻላል። ኢምፓላው ላይ ግን ምንም መብራት አይበራም፤ ዓይኑ ከፈዘዘ ማምለጥ አይችልም።

ከአቦ ሸማኔ ጋር እንዳታምታቱት፦ የአቦ ሸማኔው ነጥብ ድፍን ጥቁር ነው፣ ከዓይኑ እስከ አፉም ጥቁር መስመር ይወርዳል። የነብሩ ነጥቦች ክብ ሠርተው መሃላቸው ክፍት ነው። ባይኖኩላር ለየራሳችሁ ያዙ፤ 8 በ42 የሚባለው (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ጥሩ ብርሃን ይሰበስባል። ተራ በተራ የሚታይበት ባይኖኩላር ነብር አያሳይም፣ ጠብ ነው የሚያመጣው።

ቦታው ላይ መኪና ከበዛ እኔ ሹፌሩን «እንሂድ» ነው የምለው። ግልገል ካለ ደግሞ ጭራሽ አልቆይም፤ ግርግሩ ጅብ ይጠራል። እንስቷ የራሷ ክልል አላት፣ የተሰቀለ ሥጋ ካላት ደግሞ ሳትጨርሰው አትርቅም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሌላው ቁርስ ላይ ሳለ፣ እዚያው ዛፍ ጋ ሂዱ።