ገበያ መሃል ለሚዘፍኑ፦ ሠርተን ያየናቸው ስህተቶች

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ማሲንቆ፣ ከበሮና አንድ ድምፃዊ ይዘን መጀመሪያ የወጣን ቀን፣ ገና ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ ስፒከራችንን ያስጠፉን አንዲት በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ደንበኛቸው ዋጋ ይጠራል፣ እሳቸው በጣት ይመልሳሉ። ሲመርራቸው ተነሥተው መጡ። "ልጆቼ፣ እኔ የምነግደው በአፌ ነው፤ አፌን ዘጋችሁብኝ እኮ!" አሉን።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ድምፅ ከመጠን በላይ መልቀቅ። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም። ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል። ኋላ ያለው ይስማ ብላችሁ ስትከፍቱት፣ ሥሩ የተቀመጠው ነጋዴ ይደነቁራል። መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር ደግሞ የሚዘፍነው ለሰው ጉልበት ነው። ማቆሚያ ላይ ከሰው ራስ በላይ አውጡት፣ ከዚያ ቀንሱት። ዘፋኙ ከስፒከሩ ኋላ ይቁም፤ ማይክ ይዞ ፊት ለፊቱ ካለፈ ስፒከሩ ይጮሃል። ጤፍ የጫነች አህያ አጠገብ ከጮኸማ የጤፉን ዋጋ አዘጋጁ።

ማሲንቆን ቤት ቃኝቶ መምጣትም አያዋጣም። ሳጥኑ የተለበጠው በቆዳ ነው፣ ክሩ የፈረስ ጭራ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ጧት ጋቢ ታስለብሳለች፣ 6 ሰዓት ላይ አናት ትበሳለች። ቆዳው ፀሐይ ሲመታው ይወጠራል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይረግባል፤ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። አዝማሪ ብቻውን ከሆነ ግድ የለውም፤ አንድ ክር ነው፣ ከድምፁ ጋር አስማምቶ ይቀጥላል። ክራር ወይም ኪቦርድ ካለ ግን በባቲ ቅኝት ብላችሁ የጀመራችሁት ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ያልቃል። ቀድማችሁ ድረሱ፣ ጥላ ፈልጉ፣ እዚያው ቃኙ። ለደጋኑ የምትቀቡትን እጣን አትርሱ።

መተላለፊያ ላይ አትቁሙ። ፈቃድ አለን ማለት ተሸካሚውን አያቆመውም፤ "ዞር በል!" ብሎ በመሃላችሁ ያልፋል፣ ልክም ነው።

ሌላው፣ አዝማሪ ቤት የለመዱትን ውዳሴ እንዳለ ገበያ ማምጣት ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሊጠጣና ሊሸልም መጥቷል። ገበያተኛው ግን እጁ ላይ ያለው ጨው የሚገዛበት ብር ነው። አልሸለመም ተብሎ በግጥም ሲወጋ አይቻለሁ፤ ሰው ሳቀ፣ ወዲያው ግን ከበባው ሳሳ። ይልቅ "ከየት ነዎት?" በሉ። ደምቢያ ያለውን በደምቢያ፣ ወገራ ያለውን በወገራ ግጠሙለት። ራሱ "ተቀበል!" ካለ ተቀበሉ፤ ግጥሙ ቤት ባይመታም አታርሙት፣ ያው የሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ቀን አለማየት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብዙ አዝማሪ ማሲንቆውን ይሰቅላል፤ እናንተም ስቀሉ። በፍስኩም ቢሆን በገበያው ዳር የለቅሶ ድንኳን እንዳለ ጠይቁ። አንዴ ሳንጠይቅ ጀመርን። አንድ ሽማግሌ መጡና፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ከበሮው ላይ ጫኑበት።