ባይፖላር ያለበት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ምን ያድርግ?

በባይፖላር ሕመም (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ በሚልበት የአእምሮ ሕመም)፣ በተለይም በማኒያ (ስሜት ከልክ በላይ ከፍ በሚልበት) ወቅት፣ እንደ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ያሉ የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ምልክቶች በደም ውስጥ ከፍ ብለው እንደሚገኙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ይህ ግን ሕመሙን መለያ ምርመራ አይደለም። ጉንፋንና ትኩሳትም ከመቆጣት ጋር ስለሚያያዙ፣ እንቅልፍዎንና ስሜትዎን በሚመዘግቡበት ደብተር ላይ ጉንፋንን፣ የጥርስ ሕመምንና ትኩሳትን ጨምረው ይጻፉ።

ሊቲየም (ስሜትን የሚያረጋጋውን የባይፖላር መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፣ ለትኩሳት ብለው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሐኪም ሳያማክሩ አይግዙ (መቆጣትን የሚቀንሱ መሆናቸው ያታልላል)፤ ኩላሊት ሊቲየምን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚቀንሱ መጠኑ ወደ መርዛማነት ሊደርስ ይችላል። በአዳማ ሙቀት የሚወጣው ላብ፣ ተቅማጥም ቢሆን፣ ተመሳሳይ አደጋ አለው፤ ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ ጨውንም በድንገት አያቋርጡ። እጅዎ የቡና ስኒ መያዝ እስኪያቅተው ከተንቀጠቀጠ ወይም አፍዎ ከተኮላተፈ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለመደበኛው የሊቲየም ልኬት ግን ደም የሚሰጠው ከመጨረሻው ኪኒን 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ 3 ሰዓት ከዋጡ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዕለቱን ኪኒን ሳይወስዱ ይቅረቡ።