ቁልቁለት ላይ ጉልበት የሚያማችሁ ለምንድን ነው? የሯጮች ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ደህና ናችሁ። ስትወርዱ ግን ጉልበታችሁ ከፊት በኩል፣ ሎሚው ዙሪያ ይጠዘጥዛችኋል።

ምክንያት፦ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ጫማውን ይወቅሳል። ጫማም ድርሻ አለው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማየው እግር የት እንደሚያርፍ ነው።

መሬቱን ስትረግጡት እሱም በዚያው መጠን መልሶ ይገፋችኋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቆሞ ሳለ ሁለት እግሮቹ ያንኑ 60 ኪሎ ይካፈላሉ። ሲሮጥ ግን በየእርምጃው አንድ እግር ብቻውን ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይቀበላል። ከ120 እስከ 180 ኪሎ የመሸከም ያህል ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሰውነት በየእርምጃው ይበልጥ ዝቅ ወዳለ ቦታ ስለሚወድቅ ምቱ ይብሳል።

ችግሩን የሚያባብሰው ፍርሃት ነው። ቁልቁለቱ ሲያስፈራን ወደ ኋላ ዘንበል እንላለን። እግራችን ከሰውነታችን ርቆ፣ ጉልበታችን ተገትሮ፣ ተረከዛችን ቀድሞ ያርፋል። ያኔ መሬቱ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይገፋናል። በየእርምጃው ፍሬን እንደ መያዝ ነው። ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው የጭን የፊት ጡንቻ ነው። እሱ ሲወጠር ሎሚውን ከጭን አጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ የሚጠዘጥዛችሁም እዚያው ላይ ነው።

መፍትሄ፦ እርምጃችሁን አሳጥሩ። ፍጥነታችሁን ሳትቀይሩ በደቂቃ የምትረግጡትን ብዛት ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ። አሁን 160 ከሆነ ወደ 170 ገደማ ይድረስ። ለመቁጠር ቀላል ነው፦ ቀኝ እግራችሁ መሬት የሚነካበትን ለ30 ሴኮንድ ቁጠሩና በ4 አባዙት። እርምጃው ሲያጥር እግራችሁ ራሱ ወደ ዳሌ ቀረብ ብሎ ያርፋል።

ጉልበታችሁንም ትንሽ አጠፍ አድርጉ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ስሌቱን እዩት። ከ50 ሴንቲ ሜትር ግንብ ላይ ዘላችሁ ወረዳችሁ እንበል። እግራችሁን ገትራችሁ፣ መሬት ከነካችሁ በኋላ ሰውነታችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ቢቆም፣ የሚያርፍባችሁ አማካይ ኃይል ከክብደታችሁ 11 እጥፍ ነው። ጉልበትና ዳሌያችሁን አጥፋችሁ በ25 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብትቆሙ ግን 3 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ግንቡ ያው ግንብ ነው፤ የተለየው የምትቆሙበት ርቀት ነው።

ጉልበታችሁ ካበጠ፣ አልታጠፍ ካለ ወይም ተኝታችሁም ካመማችሁ ግን ሩጫውን ተዉና ሐኪም ጋ ሂዱ። ያንን እርምጃ በማስተካከል አትወጡትም።

ችግር፦ ዝናብ ሲጥል ኮብልስቶን ላይ፣ በተለይ መታጠፊያው ጋ ያንሸራትታችኋል።

ምክንያት፦ ለመታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋችሁ ነገር ያስፈልጋል። እሱም በጫማችሁና በድንጋዩ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየሮጣችሁ 5 ሜትር ሬዲየስ ያለውን ጠባብ ኩርባ ለመዞር፣ የክብደታችሁን ግማሽ ያህል የጎን ኃይል ትፈልጋላችሁ። ደረቅ ድንጋይ ይህን ይችላል። እርጥብና ጭቃ የቀባው ድንጋይ ላይ ግን አትተማመኑ።

መፍትሄ፦ ፍጥነታችሁን በግማሽ ስትቀንሱ የሚያስፈልገው የጎን ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ታዲያ የምትቀንሱት ከመታጠፋችሁ በፊት ይሁን። እየታጠፉ ፍጥነት መቀነስ ያችኑ ጥቂት ሰበቃ ለሁለት ሥራ ማካፈል ነው፤ በቀላሉ ሊጥላችሁም ይችላል። ቦታ ካለ ደግሞ ሰፋ አድርጋችሁ ዙሩ።

ችግር፦ ከሩጫ በኋላ ወገባችሁና ትከሻችሁ ይደክማል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ቀኝ እግር ወደ ፊት ሲወረወር ዳሌን ወደ ግራ ያዞራል። ይህን የሚያካክሰው አብሮ ወደ ፊት የሚሄደው ግራ እጅ ነው። እጃችሁ ከተገተረ ወይም ደረታችሁን እያቋረጠ የሚወዛወዝ ከሆነ ሥራው ወገብ ላይ ይወድቃል። ክርናችሁን አጥፋችሁ፣ ትከሻችሁን ለቀቅ አድርጋችሁ እጃችሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ። ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ የምትሮጡ ከሆነም ወገባችሁ ላይ እሰሩት።