አሮጌ ፒካፕ ላይ የስሮትል ሴንሰር ሲፈተሽ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አሮጌው የቤንዚን ፒካፕ ሲነሳ ይነጥቃል፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ይንገጫገጫል፣ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ሳይለካ ይፈታል። ካንዴላው ይቀየራል፣ የቤንዚን ፓምፑ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ከሌላ መኪና የወለቀ ሴንሰር ይገዛል። የስሮትል ሴንሰሩን ለመለካት ግን አንድ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ሁለት ቀጫጭን የስፌት መርፌና ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ይህ ሴንሰር ፔዳል ሲረገጥ ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለሞተሩ ኮምፒውተር ይነግራል፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞር ተከላካይ ነው። ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይሰጠዋል። የአየር በሩ ሲዘጋ በሲግናል ሽቦው ግማሽ ቮልት አካባቢ፣ ሙሉ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4.7 ቮልት ይመልሳል።

ከሁሉም የሚያንገበግበው ስህተት እነዚህን ሁለት ጫፎች ብቻ ለክቶ «ሴንሰሩ ደህና ነው» ማለት ነው። ሴንሰሩ የሚበላው ጫፉ ላይ አይደለም! የሹፌሩ እግር ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከሚኒሞ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከሩብ በታች ባለው ክፍት ላይ ነው፤ በውስጡ ያለው የካርቦን መስመር የሚፋቀውም እዚያው ነው። ጫፎቹን የለካ መካኒክ የታመመውን ቦታ ዘሎት አለፈ፤ ባለመኪናው ለማያስፈልግ ዕቃ ከፍሎ በማግስቱ ያንኑ መንገጫገጭ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ ኳድሮው በርቶ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥና ፔዳሉን እስከ ታች በአሥር ሰከንድ ያህል ቀስ አድርጎ ይርገጥ፤ እንደዚያው ቀስ ብሎ ይልቀቅ። ቁጥሩ ሳይዘል መውጣትና መውረድ አለበት። 1.1፣ 1.2 ብሎ ድንገት 0.2 ካሳየና ከዚያ 1.4 ካለ መስመሩ ተበልቷል። ዲጂታል ቴስተር አጭር መቆራረጥን ሊስተው ስለሚችል ባለ ጠቋሚው አሮጌ ቴስተር ለዚህ ሥራ ይሻላል። ቀጥሎ በካቻቢቴ እጀታ ሴንሰሩን ቀስ እያላችሁ እየመታችሁ ድገሙት። ሞተሩ ከጋለ በኋላም አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲሞቅ የሚከዳ ሴንሰር ብዙ ነው።

የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ቦዲ ላይ አትያዙ። የሴንሰሩ የራሱ ማሳ (ኔጌቲቭ) ሽቦ ላይ ያዙ። ከዚያ በዚያ ሽቦና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ለኩ፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ ሴንሰሩ ሳይሆን ማሳው ነው።

በኦም የምትለኩ ከሆነ ሶኬቱ ይነቀል።

ሽቦውን በመርፌ መብሳት የጀማሪ ሁሉ ልማድ ነው። ክረምት ሲገባ በዚያች ቀዳዳ እርጥበት ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፤ ከወራት በኋላ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳል። መርፌው በሶኬቱ ጀርባ፣ ከሽቦው ጎን ይግባ። ላቫጆ ላይ ሞተሩን በኃይለኛ ውኃ ያሳጠበ መኪና ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉና ፒኖቹን እዩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ሶኬቱ ውስጥ የቀረ ውኃ ነው።

«ባሕር ዳር ከፍታ ስለሆነ ነው» የሚለውንም መተው ነው። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበት ይቀንሳል፤ ይህ ሴንሰር ግን የበሩን ማዕዘን እንጂ አየሩን አይለካም። ዓባይ በረሃ ወርዶም ጎንደር ወጥቶም ቮልቱ ያው ነው።

የቼክ መብራቱ አልበራም ብሎ ማለፍም ያሳስታል። በኋላ በወጡት የቶዮታ 22አርኢ ሞተሮች ላይ የዚህ ሴንሰር የብልሽት ኮድ 41 ነው፤ ኮዱ ሲነበብ መብራቱ አራት ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። ኮዱ የሚመዘገበው ሽቦው ሲቋረጥ ወይም ሾርት ሲያደርግ ነው፤ ለቅጽበት የሚዘል ቮልት ሳይመዘገብ ሊያልፍ ይችላል።

ሚኒሞ ሲወርድ የአየር በሩን ማቆሚያ ብሎን ማጥበቅ ሌላው ትልቅ ጥፋት ነው። ያ ብሎን በፋብሪካ ተስተካክሎ የወጣ ነው። በሩ በትንሹ ከተከፈተ ባለ አራት ሽቦው የቶዮታ ሴንሰር ውስጥ ያለው የሚኒሞ ማብሪያ አይገናኝም። ኮምፒውተሩ እግር ከፔዳል መነሳቱን አያውቅም፤ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን መቁረጥ ሲገባው መርጨቱን ይቀጥላል። ሚኒሞ ከወረደ መጀመሪያ ስሮትል ቦዲውን ከጥቀርሻ አጽዱ፤ ሲጸዳ መርጫው ሴንሰሩ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ሴንሰሩ ሲገጠም ሁለቱን ብሎኖች ዝም ብሎ ማሰርም አይሆንም። 22አርኢ ላይ በማቆሚያው ብሎንና በአየር በሩ እጀታ መካከል 0.70 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ይገባል። ቴስተሩ በኦም ላይ ሆኖ አይዲኤል (የሚኒሞ ማብሪያው) እና ኢ2 (ማሳው) የሚባሉት የሴንሰሩ ፒኖች ላይ ተይዞ፣ ሴንሰሩ ቀስ እየተባለ ይዞርና ግንኙነቱ ሊቋረጥ ሲል ይታሰራል። ከዚያ በ0.57 ሚሊሜትር ጌጅ መገናኘት፣ በ0.85 መቋረጥ አለበት። ይህ ካልሆነ ፈታ አድርጎ እንደገና። በመጨረሻ 15 አምፔሩ የኢኤፍአይ (የቤንዚን መርጫው ሲስተም) ፊውዝ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይነቀል፤ የድሮው ኮድ የሚጠፋው በዚህ ነው።