ማይክሮኒድሊንግ ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ውኃ የሚመጣበትን ቀን እወቁ

የመጀመሪያውን ዙር ተሠርቼ ቱሉ ዲምቱ ወዳለው ኮንዶሚኒየሜ ስመለስ፣ ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ደረጃው ላይ አገኙኝ። «ውይ በሞትኩት! ምች መታሽ እንዴ ልጄ?» አሉ። ፊቴ በርበሬ መስሎ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዳማከሴ አሽተው በሬን አንኳኩ። እንዴት ብዬ እንቢ ልበላቸው? ከፍዬ ፊቴን በመርፌ አስወጋሁት ብላቸው ደግሞ ማን ያምነኛል?

ነገሩ ግን እሱው ነው። መሣሪያው ወፈር ያለ እስክሪብቶ ይመስላል። ጫፉ ላይ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች በፍጥነት እየገቡና እየወጡ ቆዳን ይወጋሉ። ቆዳ ሲቆስል ራሱን ለመጠገን ኮላጅን ይሠራል። ኮላጅን ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። የተፈለገውም እሱ ነው፤ የጎደጎደው የብጉር ጠባሳ ከሥር ቀስ በቀስ እንዲሞላ። እ.ኤ.አ. በ1997 የካናዳ ሐኪሞች ቀለም የሌለው የንቅሳት መሣሪያ ጠባሳን እንደሚያሻሽል ጽፈው ነበር። አያቶቻችን አንገታቸውን ሲነቀሱ መርፌውንም ቀለሙንም ችለውታል፤ እኛ መርፌው ብቻ ነው የቀረልን።

መጀመሪያ፦ ለእናንተ ይሆናል?

ለጎድጓዳ የብጉር ጠባሳ፣ ለሰፋ የቆዳ ቀዳዳና ለቀጫጭን መስመር ይረዳል። በምስማር የተወጋ የሚመስለው ጠባብና ጥልቅ ጠባሳ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁ። ፊት አያቀላም። «ያቀላል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ያበጠና መግል የያዘ ብጉር ካለባችሁ መጀመሪያ እሱ ይታከም፤ አለበለዚያ መርፌው ጀርሙን ፊት ሙሉ ያዳርሰዋል። ስትቆስሉ ጠባሳችሁ ከቁስሉ በላይ የሚያብጥ ከሆነ፣ ማለትም ኬሎይድ የሚወጣባችሁ ከሆነ፣ ይቅርባችሁ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ጊዜው ይለፍ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን የብጉር ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። ማድያት ያለበትም ሰው ሳያማክር አይጀምር፤ ፀሐይ ካገኘው ሊብስ ይችላል።

የእማማ ጥያቄም ዋዛ አይደለም። ከንፈር ዙሪያ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ምች የሚያመጣው ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ የያዘው ሰው ላይ ተደብቆ ይቆያል፤ መርፌው ሊቀሰቅሰው ይችላል። ምች የሚመላለስባችሁ ከሆነ ሐኪሙ ቀድማችሁ የምትወስዱት ክኒን ሊያዝላችሁ ይችላል።

ቤቱን ስትመርጡ

እዚህ ላይ ክርር በሉ። ከጥፍር ቀለሙና ከሹሩባው ጎን ለጎን «ማይክሮኒድሊንግ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ሳሎን ሰፈራችን ውስጥ አይቻለሁ። ሠራተኞቹ ጎበዝ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ይህ ደም የሚነካ ሥራ ነው። የቆዳ ሐኪም ያለበት ቦታ ሂዱ። የመርፌው ጫፍ ታሽጎ ይምጣ፣ እያያችሁ ይከፈት፣ ሲያልቅም እያያችሁ ይጣል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ ስጠይቅ ባለሙያዋ ፈገግ ብላ እሽጉን በእጄ ሰጠችኝ።

የማካብድ ከመሰላችሁ ይህን ስሙ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት አንድ የውበት ቤት የደንበኛን ደም ወስዶ፣ ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ለይቶ ከማይክሮኒድሊንግ ጋር ይሠራ ነበር። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ ደንበኞች እዚያ ኤችአይቪ እንደያዛቸው ገለጸ። አንዴ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ደግሞ ለሌላ ሰው ይውል ነበር።

ዋጋ ስትጠይቁ «ለአንድ ዙር ነው ለሁሉም?» በሉ። ለጠባሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ዙር ያስፈልጋል፤ በየመካከሉ አንድ ወር ገደማ ይታለፋል። የትራንስፖርቱንም ደምሩት። ለእኔ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ ሚኒባስ ነበር።

ቀን መቁረጥ

ቆዳችሁ ክፍት ሆኖ ስለሚሰነብት ንጹሕ ውኃ የግድ ነው። እኛ ጋ ውኃ በፈረቃ ነው። የእኔ ብሎክ ማክሰኞ ሌሊት ይመጣለታል፤ ስለዚህ ቀጠሮዬ ረቡዕ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ይህን አላሰብኩም። ጄሪካን ሥር በቀረ ውኃ ፊቴን ልታጠብ ስል ነው የነቃሁት። አሁን አንድ ድስት አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ከድኜ አስቀምጣለሁ።

ወሩም ይታሰብበት። በጋ ላይ ነፋሱ አቧራውን ከግንባታው እያነሳ ያለብሰናል። ፀሐዩንም አትናቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አይታወቀንም። ከቻላችሁ ክረምት ላይ ጀምሩ። ጭቃው እግር እንጂ ፊት አይነካም።

ሠርግ ካለባችሁ ደግሞ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይሁን። ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ ሰኞ የሚሠራ ሰው ቆዳው እየረገፈ ነው ፎቶ የሚነሳው።

ቀጠሮው አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሬቲኖል የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ቅባትና ቆዳ የሚልጡ ቅባቶችን አቁሙ። ምን እንደተደባለቀበት የማይታወቅ የማቅያ ክሬም የምትቀቡ ከሆነ ግን ሳምንት አይበቃም። ብዙዎቹ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ። ለሐኪሙ ስሙን ሳይሆን ቱቦውን አሳዩት።

አልጋው ላይ

ፊታችሁ ይጸዳል፣ ማደንዘዣ ቅባት ይቀባል፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። መንገድ ለመቆጠብ ብላችሁ ማደንዘዣውን ቤት ተቀብታችሁ አትውጡ፤ ሲበዛ ወደ ደም ገብቶ ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ መሣሪያው ይነሳል። ድምፁ የፀጉር መላጫ ማሽን ነው። ጉንጭ ላይ ሲሄድ ይነዝራል፤ ግንባርና ከአፍንጫ በታች ሲደርስ ግን ዕንባ ያመጣል። ነጠብጣብ ደም ይታያል፣ አትደንግጡ። የመርፌው ርዝመት እንደ ቦታው ይለያያል፤ ለጠባሳ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያልፋል። መውጋቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት

መርፌው የባለሙያዋ ሥራ ነበር። የቀረው የእናንተ ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ስትመለሱ የባጃጅ መጋረጃ ይውረድ፣ ነጠላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ይኑር። ነጠላው የታጠበ ይሁን፣ ፊታችሁንም አይነካካው። የዚያ ቀን ፊት ይሞቃል፣ ፀሐይ የለበለበው ይመስላል። ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ብቻ ታጠቡ፤ የታዘዘላችሁን ቅባት ብቻ ተቀቡ። የትራስ ልብሱ ይቀየር።

እሬት፣ ማር፣ ሎሚ፣ እርድ፣ ዳማከሴ፣ ሁሉም ይቆዩ። እሬት ጥሩ አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ከጓሮ የተቆረጠ እሬት ግን አፈሩንና ጀርሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ቤት ያላችሁን ቫይታሚን ሲ ሴረምም አትደርቡ፤ ቀዳዳው ክፍት እያለ ያልታሰበ ነገር ወደ ውስጥ ገብቶ ቆዳ ሥር እብጠት ያመጣበት ጊዜ አለ። ፀጉር ላይ ቅቤ አይደረግ፤ ሌሊት ግንባር ላይ ይወርዳል። ለሁለትና ሦስት ቀን እንጀራ መጋገሩን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ ምጣድ ሲከደንና ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ፊት ላይ ነው የሚያርፈው።

በማግስቱ ጠዋት ቅላቱ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይወጠራል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ይረግፋል። አትላጡት! እኔ ልጬዋለሁ። ለቅሶ ነበረብኝ፤ ድንኳኑ ሞልቶ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ጉንጬ ላይ ያለውን ቅርፊት ነቀልኩት። ቦታው ጠቆረ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ጠቆር ብሎ ነው የሚቀረው። በዚህ በኩል ማይክሮኒድሊንግ ሙቀት ስለሌለው ከሌዘር ይሻላል፤ ፀሐይ ላይ ከተቀመጣችሁ ግን ብልጫው የለም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ተቀቡ፤ ጃንጥላውም አይቅር።

ሕመሙ ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደ፣ መግል ከታየ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ከመጣ አትጠብቁ። ወደ ሠራላችሁ ሐኪም ተመለሱ።

ስለ ውጤቱ

በሳምንቱ መስታወት ፊት ቆማችሁ «ተበላሁ» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ኮላጅን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ለውጡ ለመታየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ጠባሳው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት፣ በየወሩ አንድ ፎቶ አንሱ። ብርሃን ከጎን ይግባ። ጉድጓዱን የሚያሳየው ጥላው ነው።