አማርኛው ሳጥን፣ ዝብርቅርቅ ወይም የጥያቄ ምልክት ሲሆንባችሁ

መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ አንሡ። ሴቭ አታድርጉ። ስትዘጉት «ለውጡን ሴቭ ላድርግ?» ብሎ ከጠየቃችሁም እምቢ በሉት። ተበላሸ የተባለ የአማርኛ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። የሚበላሸው ባለቤቱ ደንግጦ ከነካካው በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ፋይል ስንት ጊዜ እንደመጣልኝ መቁጠር ትቻለሁ። ከዊንዶውስ ወደ ማክ የሄደ፣ ከማክ ወደ ሊኑክስ የሄደ፣ ከስልክ ወደ ዊንዶውስ የመጣ። ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ «አማርኛው ጠፋ።» እኔም የምመልሰው አንድ ነው፤ «በአማርኛው ቦታ ምን ይታያል?» መልሱ ከአራት አያልፍም። አራቱም በሽታቸው ይለያያል።

ባዶ ሳጥን ከሆነ

እፎይ በሉ። ጽሑፉ አለ። ኮምፒውተሩ ፊደሉን አውቆታል፤ ያጣው የሚስልበትን ፎንት ነው።

ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የሚባል ፎንት ነበረው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ኢብሪማ ፊደላችንን ይዟል። ማክ ላይ «ከፋ» የሚባል ፎንት አለ። ሊኑክስ እንደ ዓይነቱ ነው፤ ከሌለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ይጫንለት። ስለዚህ ዛሬ ሳጥን የምታዩት በኮምፒውተሩ ሁሉ ሳይሆን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ በተለይ በግራፊክስና በቪዲዮ መሥሪያዎች። እነዚህ የተመረጠው ፎንት ፊደሉ ከሌለው ራሳቸው ምትክ አይፈልጉም። ጽሑፉን ምረጡና ፎንቱን በእጃችሁ ቀይሩ፤ አለቀ።

ፎንቱን ጫንኩት፣ ፕሮግራሙ ግን አያየውም የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ፎንቱን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚለውን ምረጡ። በተራው መንገድ ሲጫን ለእናንተ አካውንት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ እዚያ ድረስ ሄዶ አይፈልግም። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት።

አደራ፣ «500 የአማርኛ ፎንት በአንድ ዚፕ» የሚል ነገር አታውርዱ። ፎንት ማለት መጨረሻው ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ የሆነ ፋይል ነው። ሲከፈት «ሴትአፕ» እያለ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ፎንት ልትጭኑ አይደለም፤ ቫይረስ ልትቀበሉ ነው።

ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነ

ይሄኛው የዘወትር ደንበኛዬ ነው። ከአሥር ፋይል ሰባት ስምንቱ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ምልክቱን በደንብ እዩት። ከላይ ጭረት ያለባት ትንሽዬ የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ ትደጋገማለች? እንግዲያው መድኃኒቱ ቀላል ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዩቲኤፍ-8 ዛሬ ኮምፒውተር ፊደልን ፋይል ውስጥ የሚያስቀምጥበት አጻጻፍ (ኢንኮዲንግ) ነው፤ በእሱ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ ማለትም ሦስት የማስቀመጫ ቦታ፣ ይይዛል። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም ግን የድሮው የምዕራብ አውሮፓ አጻጻፍ መስሎት እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ያነበዋል። «ቤት» ሁለት ፊደል ነው፤ ስድስት ምልክት ሆኖ ይወጣል። ባለ ጭረቷ ኤ፣ ሦስት ዜሮ ያላት ፐርሰንት የምትመስል ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት፤ እንደገና ባለ ጭረቷ ኤ፣ ያቺው ፐርሰንት መሳይ፣ የማይክሮ ምልክት። ኤዋ የማትጠፋው የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ማክ ላይ ምልክቶቹ ሌላ መልክ ሊኖራቸው ይችላል፤ በሽታው ያው ነው።

ይህ የሚሆነው በብዛት በሲኤስቪ ፋይል (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ በሚይዘው) እና በኤክሴል መካከል ነው። ማክ ወይም ሊኑክስ ላይ የተሠራ፣ ወይም ከዌብሳይት የወረደ ሲኤስቪ አብዛኛውን ጊዜ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ ነው። ዊንዶውስ ላይ ደብል ክሊክ ታደርጉታላችሁ። ኤክሴል አጻጻፉን የሚነግረው ነገር ፋይሉ ራስ ላይ ካላገኘ በኮምፒውተሩ የድሮ ቅንብር ይከፍተዋል። ጉዱ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ደብል ክሊክ አታድርጉ። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ። «ዳታ» ከሚለው ውስጥ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» የሚለውን ነክታችሁ ፋይሉን ምረጡ። በሚመጣው መስኮት ላይ «ፋይል ኦሪጅን» የሚል አለ፤ ከዝርዝሩ 65001 የሚለውን ፈልጉ። እሱ ዩቲኤፍ-8 ነው። እንደመረጣችሁት ከታች ያለው ናሙና ወደ አማርኛ ሲለወጥ ታያላችሁ። ካልተለወጠ «ሎድ» አትበሉ፤ ሌላ ቁጥር ሞክሩ። እግረ መንገዳችሁን የስልክ ቁጥር ያለበትን ዓምድ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ አለበለዚያ መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ ትበላለች። ስንቱ ሰው አማርኛውን አስተካክሎ ስልኩን ሁሉ እንዳበላሸ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሊብሬኦፊስ በዚህ በኩል ጨዋ ነው። ዊንዶውስም ይሁን ሊኑክስ፣ ሲኤስቪ ሲከፍት ቀድሞ አጻጻፉን ይጠይቃል። ችግሩ ሰዉ ነው፤ መስኮቱን ሳያነብ «ኦኬ» ይለዋል።

አቋራጭም አለ። ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። አማርኛው በትክክል ከታየ «ሴቭ አዝ» በሉና ከታች ኢንኮዲንግ ከሚለው ላይ «ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር» የሚለውን ምረጡ። ቦም ማለት ፋይሉ ራስ ላይ የሚቀመጥ፣ የማይታይ 3 ባይት ነው፤ «እኔ ዩቲኤፍ-8 ነኝ» ብሎ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ኤክሴል በደብል ክሊክም አማርኛውን ያነበዋል።

ግን ተጠንቀቁ፣ ያቺ የማትታይ ነገር ሌላ ቦታ መዘዝ አላት። አንድ ጊዜ ቦም ያለበት ሲኤስቪ ሊኑክስ ላይ ለሚሠራ ስክሪፕት ሰጠሁት። «ስም የሚባል ዓምድ የለም» አለኝ። አያለሁ፣ አለ። በስክሪኑ ላይ «ስም» ይላል። ፊደሉን ደግሜ ጻፍኩ፣ ክፍተቱን አጠፋሁ፣ የሰው ፊት እያየሁ ግማሽ ቀን ሄደ። ለካ የመጀመሪያው ዓምድ ስም «ስም» ብቻ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ቦሟ ተለጥፋለች። ለኤክሴል የሚሄድ ከሆነ ከቦም ጋር፣ ለፕሮግራም የሚሄድ ከሆነ ያለ ቦም።

ዝብርቅርቁን አይታችሁ ሴቭ ያደረጋችሁስ? ፋይሉ አሁን ዝብርቅርቁን እንደ እውነተኛ ጽሑፍ ይዞታል፤ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ብትከፍቱትም ያው ዝብርቅርቅ ነው። ተስፋ አትቁረጡ። ኮፒ አድርጉና ኮፒውን በኖትፓድ ክፈቱ፤ «አንሲ» በሚለው የድሮ የዊንዶውስ ኢንኮዲንግ ሴቭ አድርጉት፤ ከዚያ እንደ ዩቲኤፍ-8 መልሳችሁ ክፈቱት። የተጣመመው ወደ ኋላ ይፈታል። የሚሠራው የተበላሸበትና የምታስተካክሉበት ኮምፒውተር የቋንቋ ቅንብር አንድ ከሆነ ነው፤ እዚህም እዚያም አንዳንድ ፊደል ጎድሎ ሊመጣ ይችላልና አንብባችሁ አረጋግጡ። ኮፒው ላይ ነው ያልኩት። ኦሪጅናሉን የነካ በእኔ እንዳያመካኝ።

የጥያቄ ምልክት ከሆነ

እዚህ ላይ ነው ዝም የምለው።

ቁጠሩት። «ቤት» በነበረበት ቦታ ሁለት የጥያቄ ምልክት ካለ፣ ማለትም አንድ ፊደል አንድ ምልክት ከሆነ፣ አማርኛው ሄዷል። ፎንት አይመልሰውም፣ ኢንኮዲንግ መቀያየር አይመልሰውም፣ «የጠፋ ፋይል እናመጣለን» የሚል ሶፍትዌርም ከዚያ ፋይል ውስጥ አያወጣውም። ግዕዝ ፊደል የማያውቅ አጻጻፍ ተመርጦ ሴቭ ሲደረግ ፕሮግራሙ የማያውቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶ ይጽፋል። የሁሉም ፊደል ምትክ አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ የቱ «ቤ» የቱ «ት» እንደነበር ከምን ይታወቃል?

በብዛት የሚከሰትበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ኤክሴል ላይ በተራው «ሲኤስቪ» ሴቭ ስታደርጉ። ዝርዝሩ ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚል ለብቻው አለ፤ እሱን ነው መምረጥ። ሁለተኛው የድሮ ኖትፓድ ነው። እስከ 2019 ማሻሻያ ድረስ ሳይነገረው የሚመርጠው አንሲን ነበር፤ «ፊደል ይጠፋል» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ሰዉ ደግሞ «ኦኬ» ይላል። አሮጌ ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ኢንኮዲንጉን ራሳችሁ ምረጡ። ዳታቤዝ ላይም በላቲን የተከፈተ ሠንጠረዥ ይህንኑ ያደርጋል።

አንዴ ወደ ስምንት መቶ የሚጠጋ የሰው ስም የያዘ ዝርዝር መጣልኝ። ሦስት ሳምንት የተለቀመ ነው። አንዱ በትክክል ከፍቶታል፣ አንድ ስልክ ቁጥር አርሟል፣ በተራው ሲኤስቪ ሴቭ አድርጎ ዘግቷል። ክፋቱ እስኪዘጋ ድረስ ስክሪኑ ላይ አማርኛው እንዳለ ነበር። የፈረሰው ዲስኩ ላይ ነው። በማግስቱ ሲከፈት ስሙ፣ የአባት ስሙ፣ አድራሻው ሁሉ የጥያቄ ምልክት። ቁጥሮቹ ብቻ ደህና ናቸው። ያዳነን ከሳምንት በፊት በኢሜይል የተላከ አንድ ኮፒ ነው፤ ቀሪው በስልክ እየተደወለ ነው የተሞላው። «ስምዎን ይንገሩኝ?» እያሉ።

ስለዚህ በላዩ ላይ ከመሥራታችሁ በፊት የቆየ ኮፒ ፈልጉ፤ ኢሜይል፣ ፍላሽ፣ የላኪው ኮምፒውተር። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ የቀድሞ ቅጂ መኖሩን እዩ። ማክ ላይ ታይም ማሽን የሚባለው የኮፒ ማስቀመጫ በርቶ ከነበረ እዚያ ሊኖር ይችላል።

በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ ነጭ የጥያቄ ምልክት ግን ሌላ ነው። እሱ «ይህን ባይት ማንበብ አልቻልኩም» ማለት ነው፤ ፋይሉ ራሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉና በሌላ ኢንኮዲንግ ክፈቱት።

ተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ

ኪቦርዱን ዝም ብሎ የመታ ሰው የጻፈው ከመሰለ የድሮ ሰነድ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1999 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። ከዚያ በፊት፣ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ወስደው የግዕዝ መልክ ያለብሱት ነበር። ውስጡ ላቲን፣ ልብሱ ግዕዝ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቃል።

ዎርድ ላይ ጽሑፉን ነክታችሁ የፎንቱን ስም አንብቡና ጻፉት። ወደ ዩኒኮድ ቀያሪ ፕሮግራም የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ እያንዳንዱ የድሮ ፎንት የራሱ አቀማመጥ አለው። ሁሉንም መርጣችሁ ወደ ኢብሪማ ወይም ኒያላ አትቀይሩ! አማርኛ አይሆንም፤ እንዲያውም የትኛው እውነተኛ እንግሊዝኛ፣ የትኛው የተሸፈነ አማርኛ እንደነበር የሚለየው ብቸኛ ምልክት ይጠፋል። ሰነዱ እንዲታተም ብቻ ከተፈለገ ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጉት። ከእንዲህ ያለ ፒዲኤፍ ኮፒ ስታደርጉ መልሶ ያው ላቲን እንደሚወጣ ግን እወቁ።

ኪቦርዱ አማርኛ አልጽፍም ካላችሁ

ዊንዶውስ ላይ ቅንብር ውስጥ ቋንቋ ከሚለው ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። ሦስቱም ሲስተም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል አመታት የሚፈልግ ኪማን የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ይጫን፤ ነጻ ነው። ሁለቱን ግን በአንድ ላይ አብርታችሁ «ሀ ስለው ሌላ ይጽፋል» አትበሉኝ፤ የፊደል አመታታቸው አንድ አይደለም። ቋንቋ መቀያየሪያው ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ ማክ ላይ ኮንትሮልና ስፔስ ነው።

የዚፕ ውስጥ ስሞች ብቻ ከተዘበራረቁ ሰባት-ዚፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አውጡት። በዊንዶውስ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ሳጥን ካያችሁ ተዉት፤ የመስኮቱ ፎንት ነው፣ ፋይላችሁ ምንም አልሆነም።

ለሰው ፋይል ስትልኩ ደግሞ ከፍታችሁ ያያችሁትን ሳይሆን መጀመሪያ የመጣላችሁን ላኩ፤ ከነስክሪኑ ፎቶ።