ከጭነት መኪና ሲወጡና ሲወርዱ የሚደርስ ጉዳት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች በሚያርፉባት አዳማ ሾፌሮችና ረዳቶች ስለ መንገድ አደጋ አዘውትረው ይነጋገራሉ፤ ከቆመ መኪና ሲወርዱ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ግን እምብዛም አያነሡም። ሆኖም የታመመው የሰውነት ክፍል መታረም ያለበትን ነገር በአብዛኛው ይጠቁማል።

ቁርጭምጭሚት ወይም ጉልበት ካበጠ፣ የተለመደው ምክንያት ከጋቢና ዘሎ መውረድ ነው። ከአዋሽ ጀምሮ ሳያርፍ የነዳ ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ፣ ሲዘል መሬቱን አጥብቆ መርገጥ ያቅተዋል፤ በዚያ ላይ ጠጠር ወይም ጉድጓድ ካጋጠመው እግሩ ይታጠፋል። መፍትሔው እግርን ጥቂት አፍታትቶ፣ ፊትን ወደ ጋቢናው አዙሮ፣ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ምንጊዜም ከመኪናው ሳይለቁ በመርገጫው መውረድ ነው። ስልክና የውኃ ጠርሙስ ይዞ ይህን ማድረግ ስለማይቻል፣ ዕቃው መቀመጫው ላይ ይቆይና መሬት ከረገጡ በኋላ ይወሰድ።

ቅልጥም ከተላጠ መርገጫው ይፈተሽ። ብዙ ጊዜ የተሰበረው መርገጫ በልሙጥ ላሜራ ተበይዶ ይገኛል፤ ጭቃ ወይም ግራሶ ሲነካው ነጠላ ጫማ ያደረገ ረዳት ቀርቶ ቦቲ ያጠለቀም ያንሸራትተዋል። ሠራተኛውን «ተጠንቀቅ» ማለት ይህን አያስተካክልም፤ ገጹ ሻካራ በሆነ ብረት መቀየር አለበት።

ትከሻውን የሚያመው የእጅ መያዣው ስለተነቀለ በሩን ወይም መሪውን ስቦ የሚወጣ ሰው ነው፤ መያዣው በቡሎን ይታሰር።

ከሁሉ የሚከፋው ከጭነት ላይ መውደቅ ነው። ሸራ የሚያለብሰው ሰው ጠርዝ ላይ ቆሞ ገመዱን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ገመዱ ከተበጠሰ ወይም ካመለጠው በጀርባው ይወድቃል። ስለዚህ ገመዱ መሬት ላይ በቆመ ሰው ይሳብ፤ መወጣጫውም ጎማና ስፖንዳ (የጭነት ማስቀመጫው የጎን ግድግዳ) ሳይሆን የተደገፈ መሰላል ይሁን።

የወደቀው ሰው አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ አንሥቶ ባጃጅ ውስጥ ማስገባት የአከርካሪውን ጉዳት ሊያባብስ ስለሚችል ሳያንቀሳቅሱት ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወል። ቁርጭምጭሚቱ የተጎዳውም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ መነሣት ይኖርበታል፤ የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ይብስበታልና። አደጋው ለአሠሪው ወዲያውኑ በጽሑፍ ይገለጽ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው።